ዊልያም ብላንፎርድና የቀለጠው ድንጋይ

በጥር ወር የክበባችን አባሎች ከግንጪ ከተማ በስተሰሜን ወዳለው ወደ ጭልሞ ደን ለጉብኝት ሄደን ነበር። ጥዱን፥ ዝግባውንና ወይራውን እያየን ስንደነቅ ከዋልን በኋላ ምሳችንን ለመብላት ከአንድ ጅረት ዳር ዐረፍ አልን። ከነዚህ ጅረቶች የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ እንደሚገባ ሁላችንም በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ተማርን፥ የአዋሽን ውሃ ከራሱ ላይ ጠጣን እያልን እንቀላለድ ነበር። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ከውሃው ውስጥ አንድ ጥቁር ድንጋይ አውጥቶ ቢመለከተው ልክ እንደ እንጀራ ዐይን ዐይን ያለው ሆኖ አገኘው። አንዳንዱ ዐይን ባዶ ነው፤ አንዳንዱ ግን ነጭ ነገር ሞልቶበታል። ድንጋይ እንዴት ዐይን ሊያወጣ ይችላል ብለን መምህራችንን ብንጠይቃቸው፥ እንጀራው ዐይን የሚያወጣው ሊጡ ፈሳሽ ሳለ አየር ስለሚወጣበት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ይህም ድንጋይ አንድ ጊዜ ፈሳሽ እንደ ነበረ ነገሩን። የቀረውን ፈልጋችሁ አምጡ ብለው አዘዙን።

እኛም ስንፈልግ የአገራችንን ድንጋይ ከታች እስከ ላይ በቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቦ የጻፈው ሰው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ መሆኑን አገኘን። ብላንፎርድ ጭልሞን አልረገጠም፤ አምቦንም አላየም። ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም በንግድ ወይም በወዳጅነት ሳይሆን ዓፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ለማዘጋጀት ስንነሣ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን ከጠላት ጦር ጋር የመጣ ሰው ለምን ይመሰገናል አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ያየውን በትክክል የጻፈ ሰው ከማን ጋር ቢመጣ ጽሑፉ እውነት መሆኑ አይቀርም አልን። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ጽሑፉ ግን ይኸው ተጻፈ። በውጭ አገር የሆነውን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በአገራችን የሆነውን እንደ አገራችን አቆጣጠር ማስቀመጣችንን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ብላንፎርድ በ1832 ዓ.ም. ኦክቶበር 7 ቀን ለንደን ከተማ ተወለደ፤ ይኸውም በእኛ መስከረም 28 ቀን 1825 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አባቱ ፋብሪካ የነበረው ሰው ስለ ነበር ልጁን በእንግሊዝ አገርና በፓሪስ አስተማረው። ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ በኢጣልያ አገር ቺቪታቬኪያ በምትባል የወደብ ከተማ በአንድ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ሠራ፤ ከዚያም ተመልሶ ከአባቱ ሥራ ገባ። እንዲህ እንዳለ ቢቀር ኖሮ ስሙን ዛሬ ማንም ባላነሣው ነበር። ነገር ግን ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ በዚያ ጊዜ አዲስ በተከፈተው በለንደን የማዕድን ትምህርት ቤት ይማር ነበርና፥ ዊልያምም በ1852 ዓ.ም. ወንድሙን ተከትሎ ገባ። ታላቁ ታናሹን መከተሉ በእኛ አገር ትንሽ ያሳፍር ይሆናል፤ ብላንፎርድ ግን በዚህ የተጎዳ አይመስልም፤ በትምህርቱ ተሸልሞ ወጣ።

ከለንደን ወደ ጀርመን አገር ሄዶ ፍራይበርግ በምትባለው የማዕድን ከተማ አንድ ዓመት ተማረ። ፍራይበርግ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ከዚያ ጊዜ ቀደም ብሎ በዚሁ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው አብርሃም ቬርነር የተባለ መምህር፥ እንደ ጭልሞው ያለውን ባዛልት የተባለውን ጥቁር ድንጋይ ሳይቀር ድንጋይ ሁሉ ከጥንት ባሕር ውሃ ዝቅጦ የተገኘ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹም ይህን ትምህርት ይዘው በኤውሮፓ ሁሉ ተበተኑ። በስኮትላንድ አገር ግን ጄምስ ሀተን የተባለ የገበሬነትንም የሐኪምነትንም ዕውቀት የቀመሰ ሰው፥ ባዛልትና ግራናይት ከመሬት ውስጥ ቀልጠው የወጡ ናቸው ብሎ ተነሣ። ለዚህም ምስክሩ የግራናይት ሥር እንደ ዛፍ ሥር ሌላውን ድንጋይ ሰንጥቆ ገብቶ መገኘቱ ነበር። ጠጣር ነገር በሌላ ጠጣር ስንጥቅ ውስጥ ሊፈስ አይችልምና። የሀተን ወዳጅ ጄምስ ሆል ደግሞ ባዛልትን በእቶን አቀለጠና ፈጥኖ ቢያቀዘቅዘው እንደ ጠርሙስ ሆነ፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ገና ፍሬ ያለው ድንጋይ ሆኖ አገኘው። በአገራችን ባልጩት የምንለው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይም እንዲሁ ፈጥኖ የቀዘቀዘ የገሞራ ጠርሙስ ነው። ብላንፎርድ ፍራይበርግ በደረሰ ጊዜ ይህ የውሃና የእሳት ክርክር አልቆ እሳት አሸንፎ ነበር። የቀረው ጥያቄ ድንጋዩ ለምንና እንዴት ይቀልጣል የሚለው ነበር።

በ1855 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች በህንድ አገር የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው በመርከብ ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ታልቺር በሚባለው የከሰል ድንጋይ አገር ሲሠሩ ከደቃቅ ጭቃ መካከል የተቀመጡ ታላላቅ ድንጋዮች አዩ፤ እነዚህን ድንጋዮች ሊያመጣቸው የሚችል ጥንት የነበረ በረዶ ብቻ ነው ብለው ተናገሩ። በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ አገር ስለ በረዶ መናገር ለብዙዎች የማይታመን ነገር ሆኖ ነበር፤ በኋላ ግን እውነቱ ከእነርሱ ጋር ሆነ። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው የጥንት በረዶ ምስክር በትግራይ ዕዳጋ ዓርቢ አጠገብም መኖሩ ዛሬ ታውቋል።

ብላንፎርድ ከዚያ በኋላ በበርማ አገር ፖፓ የተባለውን የጠፋ እሳተ ገሞራ መረመረ። ከ1862 እስከ 1866 ዓ.ም. ደግሞ በቦምቤይ ክፍለ አገር ዴካን የተባለውን ሰፊ የጥቁር ድንጋይ ደጋ ሲያጠና ቆየ። ይህ ደጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድርብርብ የገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ገደሉ እንደ ደረጃ ስለሚመስል ከስዊድን ቋንቋ በተወሰደ ቃል ትራፕ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ደረጃ ማለት ነው። ብላንፎርድ ይህ ሁሉ ድንጋይ በባሕር ውስጥ ሳይሆን በደረቅ መሬት ላይ የፈሰሰ ላቫ መሆኑን አስረዳ። ከአንዱ ፍሳሽ እስከ ሁለተኛው ድረስ አፈር የተፈጠረበት፥ ኩሬም የተኛበት ጊዜ ነበረ። በዓባይ ገደል ወይም በጉደር ሸለቆ የወረደ ሰው ይህን ደረጃ ስለሚያውቀው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እንግዲህ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒዬር የሚመራ ጦር ከቦምቤይ ወደ ዙላ ባሕር ወሽመጥ ሲልክ፥ 13 ሺሕ ከሚያህሉት ወታደሮችና ከ44 ዝሆኖች ጋር ጥቂት የሳይንስ ሰዎችም አብረው ተላኩ። የመሬቱን ድንጋይ እንዲመረምር የተመረጠው የ35 ዓመቱ ብላንፎርድ ነበር። ምርጫው ያጋጣሚ አይደለም፤ ስለ ትራፕ ድንጋይ ከርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በህንድ አገር እምብዛም አልነበረም።

ከቀይ ባሕር ዳር እስከ ሰንዓፌ የሚወስደው መንገድ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። በዚያ የሚታየው ድንጋይ ገሞራ አይደለም፤ የታጠፈ፥ የተጨማደደ፥ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተገለጠና የሚያብረቀርቅ ነው። ሊቃውንት ሺስትና ናይስ ይሉታል። ይህ ድንጋይ ተለዋጭ ድንጋይ ነው፤ ማለት ሌላ ሆኖ ኖሮ ሳይቀልጥ የተለወጠ ነው። ለዚህ ነገር በቤታችን ጥሩ ምሳሌ አለን። ሸክላ ሠሪዎች ምጣዱን ከጭቃ ሠርተው ሲተኩሱት ጭቃው አይቀልጥም፤ ቅርጹም አይጠፋም፤ ነገር ግን ከእሳት ሲወጣ ጭቃ መሆኑ ቀርቶ ሸክላ ይሆናል፤ ውሃ ቢያፈሱበትም ወደ ጭቃነት አይመለስም። በመሬት ውስጥም እንዲሁ ነው። የጭቃ ድንጋይ በጥልቅ ተቀብሮ በሙቀትና በጫና ሲጨነቅ መጀመሪያ እንደ ጣውላ የሚሰነጠቅ ድንጋይ፥ ቀጥሎ ሺስት፥ በመጨረሻም ናይስ ይሆናል። የኖራ ድንጋይ እብነ በረድ ይሆናል፤ የአሸዋም ድንጋይ እጅግ ጠንካራ የሆነውን ኳርታይት ይሆናል። በምዕራብ አገራችን የዳለቲ ነጭ እብነ በረድ የተገኘው በዚህ ዐይነት ነው። ሙቀቱ ከዚህ ቢያልፍና ጥቂት ውሃ ቢኖርበት፥ ከ650 እስከ 750 ዲግሪ ሲደርስ ናይሱ ራሱ በከፊል መቅለጥ ይጀምራል፤ ነጩ ክፍል ቀልጦ በጥቁሩ መካከል እንደ ጅማት ይገባል። መለወጥና መቅለጥ ጎረቤታሞች ናቸው።

ብላንፎርድ ወደ ደጋው ወጥቶ አዲግራት ሲደርስ፥ በዚህ በተጨማደደ አሮጌ ድንጋይ ላይ ጠፍጣፋ የአሸዋ ድንጋይ እንደ ክዳን ተደፍቶበት አየ፤ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ብሎ ጠራው። ወደ ደቡብ ሲሄድ እንጣሎ አጠገብ በላዩ የኖራ ድንጋይ አገኘ። በውስጡም የባሕር ዛጎሎች ነበሩ፤ ስለዚህ ይህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጠው አገር አንድ ጊዜ ከባሕር በታች እንደ ነበረ አወቀ። ይህንም የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ አለው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ወደ ምዕራብ ሸዋ መለስ ማለት ያስፈልገናል። በአምቦ ዙሪያ ድንጋይ ሲፈለጥ ያየ ሰው፥ ከጥቁሩ የገሞራ ድንጋይ ሥር ብጫና ቀይ መልክ ያለው የአሸዋ ድንጋይ መኖሩን ያውቃል። በአዲስ አበባ ብዙ ሕንጻ የተሠራበት የአምቦ ድንጋይ የምንለው ይህ ነው። ከላይ የእሳት ድንጋይ፥ ከታች የአሸዋ ድንጋይ፤ ይህ ቅደም ተከተል ብላንፎርድ በሰሜን ካነበበው ጋር አንድ ዐይነት ነው። እኛ በየቀኑ በአጥሩ ላይ ተቀምጠን ስንጫወትበት ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰብነውም ነበር።

ጦሩ አምባ አላጌን አልፎ አሸንጌ ሐይቅ ሲደርስ የብላንፎርድ ልብ ሳይደሰት አልቀረም። ከህንድ አገር የሚያውቀው ጥቁር ደረጃ በፊቱ ቆሞ ነበርና። በሐይቁ ዙሪያ ያለውን፥ ቀዳዳው በነጭ ማዕድን የተሞላውን የባዛልት ድርብርብ የአሸንጌ ክፍል ብሎ ሰየመው። የጭልሞውም ድንጋይ የዚሁ ዐይነት ዐይን ያለው ነው። ዐይኑ የሚፈጠርበትንም ምክንያት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በግልጥ ያሳየናል። ጠርሙሱ እንደ ተዘጋ ሳለ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ቡሽቡሽ የሚለው አየር በውሃው ውስጥ ተደብቆ አይታይም። ክዳኑ ሲነሣ ጫናው ይቀንስና አረፋው ይገነፍላል። የቀለጠ ድንጋይም ከጥልቅ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ስለሚቀንስለት በውስጡ የነበረው እንፋሎትና ጋዝ አረፋ ይሆናል፤ ድንጋዩ ሲረጋ አረፋው ዐይን ሆኖ ይቀራል። ከብዙ ዘመን በኋላ በድንጋዩ ውስጥ የሚዘዋወር ሙቅ ውሃ ማዕድን ይዞ እየገባ ዐይኑን ይሞላዋል።

ነገር ግን ድንጋዩ መጀመሪያ ለምን ቀለጠ? ይህን ብላንፎርድም ሆነ በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት በደንብ ሊመልሱት አልቻሉም። ብዙ ሰው ዛሬም ቢሆን ከእግራችን በታች የእሳት ባሕር ተንጣሎ የሚገኝ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የመሬት ቅርፊት በኢትዮጵያ ደጋ ሥር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከርሱ በታች ማንትል የሚባለው ክፍል ምንም እንኳ እጅግ የጋለ ቢሆን ጠጣር ድንጋይ ነው። በቅርፊቱ የላይኛው ክፍል አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ሆኖም ከላይ የተጫነው ክብደትም አብሮ ስለሚጨምር ድንጋዩ እንዲቀልጥ አይለቀውም። የተጫነ ነገር ለመቅለጥ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የጋለ የማንትል ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ላይ ቢነሣ፥ ምንም እሳት ሳይጨመርበት፥ ጫናው ስለ ቀለለ ብቻ መቅለጥ ይጀምራል። ለእኛ ከተማርነው ሁሉ የከበደን ይህ ነበር፤ ነገር የሚቀልጠው ሲሞቅ ነው ብለን ስለ ለመድን፥ ሙቀቱ ሳይጨምር በመቅለሉ ብቻ ይቀልጣል ሲሉን ሁለት ቀን ተከራከርን።

ሲቀልጥም ሁሉ አይቀልጥም። ጮማ ሥጋ በብረት ምጣድ ላይ ሲጣድ ስቡ ቀድሞ ቀልጦ ይወርዳል፤ ቀዩ ሥጋ ግን እንዳለ ይቆያል። ማንትልም እንደዚሁ በመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ይቀልጥና ያ የቀለጠው ክፍል ከድንጋዩ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ማግማ ይሉታል። ወጥቶ ሲፈስ ላቫ ይባላል፤ የባዛልት ላቫ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ይደርሳል። ሌላም የመቅለጥ መንገድ አለ፤ ውሃ በጥልቅ ወዳለ የጋለ ድንጋይ ሲገባ የሚቀልጥበትን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ በጃፓን አገር ያሉት እሳተ ገሞራዎች በብዛት እንዲህ ያሉ ናቸው። የእኛ ግን ከጥልቅ የተነሣ የጋለ ማንትል ሥራ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ማንትል ከአገራችን ሥር ተነሥቶ ቀለጠ፤ ቅርፊቱን ሰነጠቀና ፈሰሰ። አብዛኛው ላቫ የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሲሆን፥ ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሚሊዮን ዓመት ለእኛ መጨረሻ የለውም፤ በመሬት ዕድሜ ግን እንደ አንድ ጥዋት ነው።

ወደ ብላንፎርድ እንመለስ። ጦሩ ላስታንና ዋድላን አቋርጦ ወደ ጅዳ ገደል ሲደርስ የተዘጋጀ መንገድ አገኘ። መንገዱን ያሠሩት ራሳቸው ዓፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ ወደ መቅደላ ለመውሰድ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከወታደሮቻቸው ጋር በገዛ እጃቸው ጭምር ድንጋይ እያነሡ ያንን ጥቁር ገደል አስፈልጠው ነበር። እንግሊዞቹም በዚያው መንገድ ወረዱ። ይህን ባነበብን ጊዜ ዝም አልን። በዚያ ገደል ውስጥ ሁለት የቀለጡ ነገሮች ተላልፈዋል፤ አንደኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀልጦ የረጋው ድንጋይ፥ ሁለተኛው በጋፋት እቶን ቀልጦ በቅርጹ የረጋው ብረት። አንዱን ለማጥናት የመጣ ሰው ሌላውን ለማጥፋት ከመጡ ሰዎች ጋር ይሄድ ነበር። መድፉ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም በመቅደላ ተራራ ላይ ይገኛል። የደላንታ ደጋ ደግሞ ዛሬ በወገል ጤና ኦፓል በዓለም የታወቀ ነው፤ ያም ኦፓል የሚገኘው በገሞራ ድንጋይ ንብብር ውስጥ ስለ ሆነ፥ ጦሩም ብላንፎርድም ሳያውቁት በላዩ ተራምደው አልፈዋል ማለት ነው።

ከበሽሎ ወዲያ ማዶ መቅደላ አለ። እዚያ ብላንፎርድ ከአሸንጌው የተለየ ነገር አየ። ከጥቁሩ ባዛልት ጋር እየተፈራረቀ ትራኪት የሚባል ነጣ ያለ የገሞራ ድንጋይ ተነባብሮ ነበር። ከታች ያለው የአሸንጌ ድንጋይ ተጋድሞና ተሸርሽሮ ከቆየ በኋላ ይህኛው በላዩ እንደ ተደፋ ተረድቶ የመቅደላ ክፍል ብሎ ለየው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ማግማው ከማንትል እንደ ወጣ በቀጥታ ቢፈስ ጥቁር ባዛልት ይሆናል። በቅርፊቱ ውስጥ ታግቶ ብዙ ዘመን ቢቆይ ግን፥ ማር በጋን ውስጥ ሲቆይ እንደሚረጋ፥ ከባዶቹ ማዕድናት ቀድመው ይረጉና ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ በዙሪያው ያለውን የቅርፊት ድንጋይም እያቀለጠ ከራሱ ጋር ይቀላቅላል። የቀረው ፈሳሽ ሲሊካ የበዛበት፥ ወፍራምና የሚያጣብቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ማግማ ጋዙን በቀላሉ ስለማይለቅ ሲወጣ ይፈነዳል። የወንጪ ተራራ የዚህ ወገን ነው። ዛሬ ጸጥ ብሎ የተኛው የወንጪ ሐይቅ፥ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ደሴትም ጭምር፥ እንዲህ ያለ ፍንዳታ በተወው ጕድጓድ ውስጥ ናቸው። ከጭልሞ ወደ ደቡብ ማዶ የሚታየው የደንዲ ተራራና ሁለቱ ሐይቆቹም እንዲሁ።

በመቅደላ የሆነውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተያዘ፤ ዓፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። አምባው ተዘረፈ፥ ተቃጠለም፤ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተጫኑ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰዱ። ብላንፎርድ የጫነው ድንጋይ፥ ወፍና አውሬ ነበር። ድንጋዩ ከመጽሐፉ ጋር አይተካከልም፤ ያን ድንጋይ የመሰለ እልፍ አእላፍ በስፍራው ቀርቷልና። ሆኖም በአንድ የጭነት ሰልፍ ውስጥ አብረው መሄዳቸውን መርሳት አልሆነልንም።

ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ ብላንፎርድ ወዲያው አልሄደም። ጄስ ከተባለ የእንስሳት ሊቅ ጋር ወደ ሰሜን፥ ወደ ቦጎስና ወደ አንሰባ ሸለቆ ሄዶ ሌላ ጥቂት ጊዜ ሠራ። በ1870 ዓ.ም. ስለ ሐበሻ አገር ድንጋይና እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ በለንደን ታተመ። መጽሐፉ ግማሹ ስለ ድንጋይ፥ ግማሹ ስለ አራዊትና አዕዋፍ ነው፤ ከታች ጀምሮ ተለዋጩን ድንጋይ፥ የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይ፥ የእንጣሎን ኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም አሸንጌንና መቅደላን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ባንድ የዘመቻ ወራት፥ ያውም ከጦር ሰፈር ርቆ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ፥ ይህን ያህል ማንበቡ በውነቱ የሚያስደንቅ ነው። የድንጋዩን ዕድሜ ግን በዓመት ሊቆጥረው አይችልም ነበር፤ በድንጋይ ውስጥ ያሉ የሚፈራርሱ ንጥረ ነገሮች እንደ ሰዓት የሚያገለግሉ መሆናቸው የታወቀው ብላንፎርድ ካረጀ በኋላ ነው። የሰንዓፌው ዐይነት ተለዋጭ ድንጋይ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሚሆነው፥ የእንጣሎው ኖራ ወደ 160 ሚሊዮን እንደሚጠጋ የምናውቀው እኛ ነን።

ከኢትዮጵያ በኋላ በ1872 ዓ.ም. ከድንበር ተካዮች ጋር ፋርስን አቋርጦ ተጓዘ፤ ስለዚያም ጻፈ። በ1879 ዓ.ም. ከሜድሊኮት ጋር ሆኖ የህንድን አገር የመሬት ጥናት በመጽሐፍ አወጣ። በ1882 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ ለንደን ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚስት አገባ፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። የለንደን የመሬት ጥናት ማኅበር ወላስተን የተባለውን ሜዳሊያውን ሰጠው፤ በኋላም ከ1888 እስከ 1890 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠው። በዚሁ በፕሬዚዳንትነቱ ባደረገው ንግግር የውቅያኖሶች ስፍራ ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም የሚሉትን ተቃወመ፤ የህንድና የአፍሪካ ጥንታዊ ዕፀዋት መመሳሰሉ ሁለቱ አገሮች በየብስ የተገናኙ እንደ ነበሩ ያሳያል አለ። እርሱ በመካከላቸው የሰመጠ መሬት ያለ መስሎት ነበር፤ አገሮቹ ራሳቸው እንደ ተጓዙ የታወቀው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። መልሱን ቢስትም ጥያቄውን አልሳተም።

በእርጅናው ዘመን የህንድን አራዊትና አዕዋፍ መጻሕፍት እያዘጋጀ ኖሮ፥ በ1905 ዓ.ም. ጁን 23 ቀን፥ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 1897 ዓ.ም.፥ በ72 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ። በስሙ የተጠሩ አንድ ቀበሮና አንዲት ትንሽ የሜዳ ወፍ አሉ። ለድንጋዩ ግን የራሱን ስም አልሰጠውም፤ የአገሩን ስም ሰጠው። ይህ ከክርክራችን ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት ብቸኛው ነጥብ ነው። አዲግራትና እንጣሎ፥ አሸንጌና መቅደላ ዛሬ በዓለም ባሉ የመሬት ጥናት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ በ1973 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር በታተመው የኢትዮጵያ የመሬት ጥናት ካርታ ላይም አሸንጌ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። ያን ካርታ ያወጣው ደግሞ የአገራችን የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ነው።

ከጭልሞ ያመጣነውን ድንጋይ በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል። ከጎኑ አንድ የአምቦ ብጫ አሸዋ ድንጋይ፥ ከወንጪ የመጣ እንደ ቡሽ የቀለለ ነጭ ድንጋይና ከሸክላ ሠሪዎች ያገኘነው የተሰበረ ምጣድ አሉ። ስማቸውን በወረቀት ጽፈን ለጥፈናል፤ ለተለዋጩ ድንጋይ ያዘጋጀነው ስፍራ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ከነቀምት ወዲያ አገር ያለው ተማሪ ጓደኛችን ከዕረፍት ሲመለስ አንድ ይዞ እንዲመጣ አደራ ብለነዋል።